ስምንት ብሎን

ክዳኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ «አባቴ ነው ያሠራው» ብዬ አውቃለሁ፤ ውሸቴን ነው። እሱ የፈለገው ሸራ ነበር።

መኪናዋ ሁለት በር ያላት አሮጌ ነጭ ፒካፕ ናት። እህቴ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች ዓመታት ያጠራቀመችው ነው ደጃችን ላይ ቆሞ የሚታየው። ቤታችን ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ከሚሄደው አስፋልት ተገንጥሎ በጠጠሩ መንገድ ሽቅብ ወጣ ካሉ በኋላ ነው፣ አምባሰል በኩል። ከእኛ በላይ መንገዱ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ስለዚህ ከላይ የሚወርድ ሁሉ፣ ጤነኛም ይሁን በሽተኛ፣ በእኛ በር ነው የሚያልፈው። በሰፈሩ ሌላ መኪና የለም።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ይቀብራል፤ ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ሙስሊም ክርስቲያን ብሎ ነገር የለም። እናቴ ስትሞት እኔ አራት ዓመቴ ነበር። መቃብሯን የቆፈረ፣ የዚያን ዓመት የአባቴን ማሳ ያረሰና ያጨደ ቅሬው ነው። እሷን ያጠበቻት፣ ከዚያም እኔንና እህቴን እንደ ልጆቿ ያሳደገችን ደግሞ ጎረቤታችን ናት። እትዬ ነው የምንላት። አባቴ ይህን አንድ ቀን ረስቶ አያውቅም። በዚህ ዓለም ላይ ምን አለህ ቢሉት መሬቱንም መኪናውንም አይጠራም፤ ቅሬው ነው የሚለው።

መኪናዋ በመጣች በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያ ጭነቷ ሬሳ ሆነ። ከላይ መንደር አንድ ሽማግሌ ሞተው ወደ ቤተክርስቲያን ሊወስዷቸው ነበር። አራት ሰው የካሶኒው ጠርዝ ላይ፣ የኋላው መጫኛ ላይ ማለቴ ነው፣ በአራት ማዕዘን ተቀምጦ ቃሬዛውን ደግፎ ያዘ፤ አባቴ ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት ነዳ። ስንቱን እንደዚያ አደረሰ። ምጥ የያዛት፣ ከዛፍ የወደቀ፣ እባብ የነከሰው። ለበሽተኛ የሚሆን ስፖንጅ ፍራሽ ጠቅልሎ ከወንበሩ ኋላ ያስቀምጥ ነበር።

አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እኛ ዘንድ ማንም መጥቶ «መኪናህን ስጠን» አይልም። ነውር ነው። መጠየቅ ማለት እንቢ ሊለኝ ይችላል ብሎ መጠርጠር ነው። ሰውየው ይመጣል፣ የካሶኒው ጠርዝ ላይ እጁን ያሳርፋል፣ ዝም ብሎ ይቆማል። አባቴ ቁልፉን ይዞ ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ ባለፈው ዓመት ተመረቅኩ። የተማርኩት ሎጂስቲክስ ነው። እቃ ከዚህ ተነስቶ እዚያ እንዴት እንደሚደርስ አራት ዓመት ሙሉ ተምሬ እኔ ራሴ ቤቴ ተመለስኩ። ሥራ የለም። ስለዚህ የአባቴን ሥራ ያዝኩ። ከደሴ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሳሙና ጭነን ለሐይቅና ለውጫሌ ባለሱቆች እናደርሳለን፤ በግሸን ሰሞን የተሳላሚ ጓዝ እንጭናለን። ማን ምን እንዳዘዘ የምጽፈው እኔ፣ የምደዋውለው እኔ፣ የምጨቃጨቀው እኔ። አባቴ ይነዳል። መንጃ ፈቃድም አውጥቻለሁ፣ ግን እሱ መሪውን በቀላሉ አይለቅም።

የበልጉ ዝናብ ሲመጣ ዱቄት ተበላሸብን። ላስቲክ አልብሰነው ነበር፣ ነፋሱ ገልጦት ገባ። በሌላ ቀን ደግሞ መኪናዋ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ስታዘግም ከኋላ ተንጠላጥለው ሁለት ካርቶን አወረዱ። ውጫሌ ደርሰን ነው ያወቅነው። ባለሱቁ «እናንተ ጭናችሁ ነው የመጣችሁት ወይስ እየዘራችሁ?» አለን። እኔ በንዴት አለቀስኩ። አባቴ ሳቀ።

«ክዳን እናሠራ» አልኩ። እህቴም በቪዲዮ ስትደውል ደገፈችኝ። እሷ ያንን ፀሐይ ችላ የገዛችው መኪና ላይ ሌባ ሲንጠላጠል ማሰብ አልቻለችም።

ደሴ አንድ በያጅ ጋ ሄድን። ሦስት ዓይነት አሳየን። አንዱ በቀስት ብረት ላይ የሚወጠር ሸራ ነው፤ ከፍ ስለሚል ሥሩ ሰው ይቀመጥበታል፣ ከኋላው ይጠቀለላል። ሁለተኛው መስኮት ያለው ሙሉ ቤት የሚመስል ነው፤ እሱ ለመኪናዋ ይከብዳታል ተባለ። ሦስተኛው ጠፍጣፋ የላሜራ ክዳን ነው። ካሶኒው ላይ እንደ ሳጥን ክዳን ይገጠማል፣ ከኋላ ብቻ ከፍ ይላል፣ በሁለት ቁልፍ ይዘጋል። እሱን ሳይ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ።

አባቴ የሸራውን ቀስት በእጁ እየነካካ ቆመ።

«ሰው ቢቀመጥበትስ?» አለኝ።

«ማን ነው የሚቀመጥበት?»

«ሰው ነዋ።»

«አባ፣ ሸራ በምላጭ ይቀደዳል። ይቺ መኪና የእቃ ናት፣ ቃሬዛ አይደለችም።»

እጁን ከቀስቱ ላይ አነሳ። የተናገርኩትን ያኔውኑ አውቄዋለሁ፣ ግን አልመለስኩትም። እኔ ችኩል ነኝ፤ አንድ ነገር ከተወሰነ ወደሚቀጥለው ነው የምሮጠው። በያጁ ጭቅጭቃችንን ሰምቶ ነው መሰል ገላገለን። «ጋሼ፣ አያስቡ፤ በስምንት ብሎን ነው የማስረው» አለ። «ሰው የሚጭኑ ቀን በአስራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ ፈትተው ለሁለት ሆኖ ማውረድ ነው። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ብሎኖቹ እንዳይዝጉ በየወሩ ግራሶ ቀባ ያድርጉባቸው እንጂ።»

አባቴ እኔን አየኝ። እኔ እቀባለሁ አልኩ።

ክዳኑ ጥሩ ነበር። ለእቃው ማለቴ ነው። ዱቄቱ ደረቅ ሆኖ ገባ፣ ሌባ ቀረ፣ ባለሱቆቹ ቀልዳቸውን ተዉ። ጠጠር መንገድ ላይ ግን ጩኸቱ ለብቻው ነበር፤ ሰው ሳያየን በፊት ይሰማን ነበር። ሲከፈት የሚደግፈው ዘንግ አንድ ቀን አምልጦ ጣቴ ላይ ወደቀ፤ ጥፍሬ ጠቁሮ ወለቀ። ስለ ግራሶ አንድ ጊዜ አስታውሻለሁ፣ የመጀመሪያው ወር ላይ። ነገ አልኩ።

የግንቦት ፀሐይ ላሜራውን ምጣድ ያደርገዋል። እትዬ ይህን ያወቀችው ከሁላችንም ቀድማ ነው። እቃ በማንጭንበት ቀን በርበሬዋን አምጥታ ክዳኑ ላይ ታሰጣዋለች፤ በአንድ ቀን ይንኮሻኮሻል። ሰፈሩ ሁሉ መኪናዋን በሩቅ ማየት ሲጀምር ወደ ክዳኑ የሚቀርብ እሷ ብቻ ነበረች። በርበሬውን እያገላበጠች ትተርበኛለች።

«አንቺዬ፣ በርበሬዬስ ተሳፈረ። እኔን መቼ ነው የምታሳፍሪኝ?»

«ትኬት ቁረጪ» አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ምን እያለችኝ እንደነበር ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

ለካ ሰው መምጣት አቁሞ ነበር። ማንም የተቆጣ የለም፣ ማንም የተናገረ የለም። ሰኔ ላይ ከላይ መንደር አንድ ሰው ሲሞት አባቴ የሰማው ቀብሩ ሊደርስ ሲል ነው። በእኛ በር ላለማለፍ በትከሻ ተሸክመው በገደሉ ጥግ በእግር መንገድ አውርደውታል። በእግሩ ሮጦ ደረሰ። ከዚያም አንዲት ወላድ በቃሬዛ ወረደች፣ አስፋልት ድረስ። ደግነቱ በሰላም ተገላገለች። አባቴ ማታ እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

«ክዳኑ እንደሚፈታ ለምን አትነግራቸውም?» አልኩት።

«ምን ልበል? ኑና መኪናዬን ጠይቁኝ ልበል?»

እሱ ራሱን ማወደስ ይመስልብኛል ብሎ አልተናገረም። እነሱ ተቆልፎ ያዩትን መጠየቅ ነውር ነው ብለው አልጠየቁም። እኔ ደግሞ መናገር የምችል፣ ይሉኝታ ብዙም የማይዘኝ፣ እኔን አይመለከተኝም አልኩ። የሰፈር ነገር ነው፣ እነሱው ይጨርሱት አልኩ።

ነሐሴ ላይ እትዬ ወንድሟ ጋ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ላይ ወጣች። አራት ቀን ቆየች። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። አባቴ የጤፉን አረም ሊያርም ማሳ ወርዷል። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ በስልኬ የሥራ ማመልከቻ እሞላ ነበር፤ ኔትወርክ እየመጣ እየጠፋ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው አስጀምሮኛል። የመኪናው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ቃሬዛ የያዙ ስድስት ሰዎች ከላይ ወረዱ። በሽተኛው በጋቢ ተሸፍኗል። ከፊት የያዙት የቅሬው ዳኛ ናቸው፤ ዳኛ የምንለው ቅሬውን የሚመሩትን ሽማግሌ ነው። በራችን ላይ ሲደርሱ እርምጃቸው ትንሽ ቀነሰ። መኪናዋን አዩ፣ ክዳኑን አዩ፣ መሬት አዩ።

ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ «ማን ነው ያመመው?» አልኩ።

«በሽተኛ ነው፣ ልጄ። አብሽሪ» አሉኝ ዳኛው። አለፉ።

ወደ ስልኬ ተመለስኩ። አዎ፣ እንደዚያው ነው ያደረግኩት። ከፈለጉ ይጠይቁ አልኩ በልቤ። ማመልከቻው ላይ «ከሰው ጋር የመሥራት ችሎታ» የሚል ክፍል ነበር፤ እሱን ሞላሁ።

አባቴ ከማሳ ሲመለስ የእትዬ የወንድም ሚስት ጓዝ ተሸክማ ከኋላ ደረሰች። ላቧ ይንጠፈጠፋል። «አለፉ?» አለች። ማን ሲላት «እትዬ ናታ» አለች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሆዷን ይዟታል፤ ሌሊቱን ሆዷ እንጨት ሆኖ አደረ። አምቡላንስ ጋ ቢደውሉ ሌላ ቦታ ሄዷል ተባሉ።

አባቴ እኔን አላየኝም። አስራ ሰባት ቁልፉን አንስቶ መኪናው ላይ ወጣ። የመጀመሪያው ብሎን ተፈታ። ሁለተኛው ተፈታ። ሦስተኛው እየጮኸ ወጣ። አራተኛው አልነቃነቅ አለ። ዝገት በልቶታል። በመዶሻ መታው፣ ናፍጣ አፈሰሰበት፣ በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት፤ ቁልፉ አምልጦ የእጁን አንጓ ላጠው። አምስተኛውን ሞከረ። ስድስተኛውን። እኔ ቆሜ ነበር። በወር አንድ ቀን፣ አንድ ጣት ግራሶ ነበር የተባልኩት።

«በቃ እንደዚሁ እንሂድ» አልኩት። ቁልፉን ወረወረው፣ መሬት ላይ ጭቃ ውስጥ ገባ።

አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ደረስንባቸው። ሚኒባሶቹ የተኛ ሰው አንጭንም እያሉ ያልፋሉ። እትዬ ፊቷ አመድ መስሏል፣ ጉልበቷን አጥፋ በጎኗ ተኝታለች። እኔ በቸኮለ አእምሮዬ «ከክዳኑ ሥር እናስተኛት፣ ፍራሽ አለ» አልኩ።

የቅሬው ዳኛ ዞረው አዩኝ። «በሕይወት እያለች?» አሉ።

 ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት። እኔ ማርሹ ጋ ተጨናንቄ ገብቼ በክንዴ ያዝኳት። መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር ሆዷ ላይ ትታጠፋለች፤ ክዳኑ ከኋላችን ያጨበጭባል። ሐይቅ ጤና ጣቢያ አይተዋት ደሴ ውሰዷት አሉ፤ መርፌ ወጓት፣ ወረቀት ጻፉልን። እንደገና አስቀመጥናት።

«ትንሽ ልጋደም» ትለኛለች። «ትንሽ ብቻ ልጋደም፣ ልጄ።»

«ደርሰናል» አልኳት። አልደረስንም። ደጋግማ አለችኝ፣ ደጋግሜ ዋሸሁ። ከዚያ መለመኗን ተወች። ቀለል ያላት መስሎኝ ነበር። አባቴ ነው መጀመሪያ ያወቀው፤ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ዳር ይዞ ቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሸሃዳ እያለላት እንደሆነ ገባኝ።

ቀድመን ብንደርስ ትድን ነበር ወይ? አላውቅም። የነገረኝ የለም፣ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም።

መመለስ ነበረብን። ከክዳኑ ሥር አሁን ትችላለች ብዬ አስቤ ነበር፤ አላልኩትም እንጂ አስቤ ነበር። አባቴ የሰማኝ ይመስል «እንደ ዱቄት አልጭናትም» አለ። ደሴ ያ በያጅ ጋ ነዳ። እትዬ ወንበሯ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እኔ ይዣት። በያጁ በመስኮት ሲያየን የያዘውን ሻይ አስቀመጠ።  ማሽኑን አምጥቶ የቀሩትን አምስት ብሎኖች ቆረጣቸው። ብልጭታው መስታወቱ ላይ ይረግፋል፤ እኔ ፊቷን በእጄ ከለልኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ክዳኑን ሦስት ሆነው አወረዱት። ፍራሹን ዘረጋን። ጉልበቷ አልዘረጋ ብሎ አባቴ ቀስ እያለ እያሸ አቃናው። ከዚያ ተኛች። ከእሷ አጠገብ ካሶኒው ላይ ተቀምጬ ተመለስኩ። ስትለምነኝ የነበረውን ቦታ አገኘች።

ከሴቶቹ ጋር አብሬ አጠብኳት። እናቴን እሷ እንዳጠበቻት።

አባቴ መኪናዋን አዙሮ፣ ካሶኒውን ከፍቶ፣ በሯ ላይ አቁሞ ጠበቀ። ጀናዛዋ ወጣች። ወንዶቹ በመኪናው ጎን አልፈው በትከሻ ይዘዋት ሄዱ። የቅሬው ዳኛ አባቴን ትከሻውን ነክተው «አንተ ደክመሃል፣ እረፍ» አሉት። ከዚያ በላይ ክፉ ቃል ቢናገሩት ይሻለው ነበር። አባቴ መኪናዋን እዚያው ትቶ ከኋላ ተከተለ።

ከዚያ በኋላ ክዳኑን ግድግዳው ላይ አስደግፈነው ዶሮ ሥሩ ይጠለላል። እህቴ ስትደውል ታለቅሳለች፤ ለቅሶዋ ሲያልቅ «ክዳኑን ግን መልሱት፣ እቃ ይሰረቃል» ትላለች። አልመለስነውም። መኪናዋ ክፍት ሆና በሩ ላይ ትቆማለች፣ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አድርጋ። አባቴ ሥራ በሌለው ቀን አጠገቧ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። የሚመጣ የለም። አንድ ቀብር አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሰላምታው አልቀረም፣ ሻዩ አልቀረም፣ ጠበቅ አድርገው ነው የሚጨብጡት። ጭነቱ ብቻ ቀረ። አንድ ቀን «ክዳኑን እኔ ነኝ» ልለው ስጀምር አቋረጠኝ። «አንቺ መረጥሽ እንጂ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። ሊያጽናናኝ አልነበረም፤ እንደዚያ ነው የሚያምነው።

የቅሬው ዳኛ ቤት ሄድኩ። በሬያቸውን ድርቆሽ ያበላሉ።

«አባባ፣ አባቴን ለምንድነው የማትጠሩት?»

«ማን ያልጠራው አለ፣ ልጄ?»

«ሁለት ቀብር አለፈ። መኪናው ክፍት ሆኖ እያያችሁ በትከሻ ወሰዳችሁ። ያኔም ቢሆን ብትጠይቁን እኮ እንፈታው ነበር።»

«ተለምኖማ ማን የማይሰጥ አለ?» አሉ። «እኛ ለማኝ ነን?» ድርቆሹን አራገፉ። ቀጥሎ ያሉትን ቀስ ብለው ነው ያሉት። «ያን ቀን ቆም ብለን ነበር። አየሽን። ከወንበርሽ አልተነሳሽም።»

 አፌ ተከፈተ። «እኔ ነኝ ያልተነሳሁት። እሱ ማሳ ነበር። ክዳኑንም የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ግራሶውን ያልቀባሁትም እኔ ነኝ። እሱ ሸራ ነበር የፈለገው፣ ሰው እንዲቀመጥበት። እኔን ተዉኝ፤ ስሞት ውሻ ይጎትተኝ። እሱን ጥሩት።»

«እንዲህ አይባልም» አሉ።  ሸኙኝ፣ በሩ ድረስ።

መስከረም ገባ። አንድ ጠዋት ለውጫሌ የሚሄድ ዱቄት ጭነን ጨርሰናል። ገመዱን እያጠበቅኩ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፣ የክረምቱ መጨረሻ ካፊያ ጀምሯል፤ ቶሎ ካልወጣን ይበላሻል። የቅሬው ዳኛ በጠጠሩ መንገድ መጡ። ሰላም አላሉንም። የካሶኒው ጠርዝ ላይ፣ ከዱቄቱ አጠገብ፣ እጃቸውን አሳርፈው ቆሙ።

አባቴ ከበርጩማው ተነሳ። መጀመሪያ እጃቸውን ነው ያየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አውርጂው» አለኝ።

የሞተው ከላይ መንደር ያለ ወጣት ነው፣ በስም የማውቀው፣ ሁለት ትናንሽ ልጆች ያሉት። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ልዋሽ አልችልም፤ ሰው ሞተ ተብዬ ደስ አለኝ፣ እስከ ጉሮሮዬ ድረስ። ገመዱን ፈታሁ። ዱቄቱን አንድ በአንድ በጀርባዬ አወረድኩ፤ ቤት ለማስገባት ጊዜ ስላልነበረ ደጁ ላይ፣ ዝናቡ ላይ ደረደርኩት። ከዚያ ካሶኒውን በመጥረጊያ ጠረግኩ።